ምሳ ዕቃ

ሻርለሯ ላይ ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ዝቅ ይላል፣
የጥንቱ የከሰል ቁልል ሣር ለብሶ ተራራ ይመስላል።
ከግርጌው ባለው ትምህርት ቤት ደወሉ ለምሳ ሲደወል
ማኤሊስ ምሳ ዕቃዋን ትከፍታለች፣ ግን ግማሹን፣ ወደ ራሷ በኩል፤
ክዳኑን እንደ መጋረጃ አቁማ እጇን ወደ ጓዳው ትልካለች፣
ጣቶቿን ሰብስባ ታወጣለች፣ ትጎርሳለች፣ ታኝካለች፣
ትውጣለች፤ ከንፈሯንም ትጠርጋለች።
ምሳ ዕቃው ውስጥ ምንም የለም።

እኔ ሚዛን ያዥ ነኝ፤ ከማዘጋጃ ቤት የተላክሁ፣
ቁመት በሴንቲ፣ ክብደት በኪሎ ስጽፍ ስንት ክረምት የገፋሁ።
በቦርሳዬ ሦስት ቅጽ አለ፦ የፌዴራል፣ የክልል፣ የከተማ፣
የአንዱን ጥያቄ ሌላው አይጠይቅ፣ የአንዱን መልስ ሌላው አይሰማ።
የፌዴራሉ «ስኳር ይቀነስ» ይላል፣ በባለ ክብ ማኅተም፤
የክልሉ ፖም ፈቅዷል፣ ጨረታው ግን እስከ መጋቢት አይከፈትም፤
የከተማው ወተት ይልካል፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣
ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ ዘበኛው ቤቱ ገብቶ ሲበላ።
ካርቶኑ እደጅ ያድራል፤ ወተቱ ዝናብ ይጠጣል፣
ሐሙስ ጧት ቱቦ ውስጥ ይደፋል፤ ሪፖርቱ «ተሰራጭቷል» ይላል።

ትኩስ ምሳማ አለ። ዦዚያን ናት የምትሠራው፣
ባሮ ሽንኩርት በድንች፣ ሽታው ኮሪደሩን የሚሞላው።
ዋጋው ሁለት ዩሮ ከሃያ፤ ለሌለው ደግሞ ማመልከቻ፣
ዘጠኝ ገጽ፣ ከደሞዝ ማስረጃና ከኪራይ ውል ጋር፣ በሥራ ሰዓት ብቻ።
የማኤሊስ እናት ሁለቴ ሞላችው፣ ሁለቴ «ጎደለ» አሏት፤
ያ ማመልከቻ የሚከማችበትን ቢሮ
ሌሊት ሌሊት የምትወለውለው እሷው ናት።

ቲሜዮን ደግሞ መዘንሁት። ለዕድሜው ስምንት ኪሎ ተርፎታል፣
«ጠግቧል» ይለዋል አንዱ ቅጽ፤ ጥፍሩ ግን ወረቀት መስሏል፤
ቁርሱ ቺፕስ፣ ራቱ ቺፕስ፤ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል።
ረሃብም ይወፍራል ለካ! ሥጋ ለብሶ ይሄዳል፤
ለወፍራም ረሃብ ግን ቅጹ ላይ ክፍት ቦታ አልተተወለትም።

ባለፈው ወር ናሙር ላይ ስብሰባ ተጠራሁ፤
ብሔራዊውን የሥነ ምግብ ፖሊሲ ከመርሃ ግብሮቹ ጋር... የሚል ርእስ አነበብሁ።
የፈረንሳይኛውን ቃል በልቤ በአማርኛ ስመልሰው
«ማጣጣም» ሆኖ መጣልኝ፤ አላመጥሁት፣ አቃተኝ ልውጠው።
አዳራሹ ውስጥ አርባ ሰው ሊያጣጥም ተቀምጧል፣
የዦዚያንን ሾርባ ያጣጣመ ግን ማን አለ? ማን ቀምሷል?
መርሃ ግብር ይሉታል። መርሃውስ አለ፣ በባለ ቀለም ሥዕል፤
ግብሩም ከእናቲቱ ደሞዝ በየወሩ ተቆርጧል፤
ግብር ግን አልተበላም።

ተራዬ ሲደርስ አልተናገርሁም። ከዦዚያን የተዋስሁትን
ቀይ ምሳ ዕቃ ከቦርሳዬ አውጥቼ ለጎረቤቴ ሰጠሁት።
ከፈተው። አሳለፈው። ቀጣይዋም ከፈተች። እጅ በእጅ
ጠረጴዛውን ሲዞር ክዳኑ ብቻ፦ ቀጭ፣ ቋ፣ ቀጭ።
አንዲት ሴት ውስጡን በጣቷ ዳበሰች፣ የተደበቀ ወረቀት ያለ መስሏት።
«ባዶ ነው እኮ!» አለ የመጨረሻው።
«ይኸው ሪፖርቴ» አልሁት።

አራት ሰዓት ተከራከሩ። ከዚያ ሁሉ አንቀጽ፣ ከዚያ ሁሉ ምክክር
አንድ ነገር ተረፈ፦ ወተቱ ወደ ማክሰኞ ተዛወረ። ያ ነበር።
ፖሙ ገና ነው። ማመልከቻውም እንዳለ ነው፣ ዘጠኝ ገጽ።

ማክሰኞ፣ ማኤሊስ ክዳኑን አሁንም በግማሽ ከፈተች፤
ልማድ ነው። ከክዳኑ ጀርባ ግን ወተቷን ጠጣች፣
በላይኛው ከንፈሯ ላይ ነጭ ጢም አበቀለች፣
ሚዛኑ ላይ ስትወጣም አልጠረገችውም።
አሥራ ሰባት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም። ጻፍሁ።
ጢሙን ግን በየትኛው ቅጽ ላይ እንደምመዘግበው
እስካሁን አላወቅሁም።